11811 ወዴት ሄደ?

ስለ አንድ የድሮ ፊልም ላወራችሁ ነው። ድሮ ስል ደግሞ የእውነት ድሮ፤ ድምፅ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከጮኹ በኋላ ምን እንዳሉ በጽሑፍ የሚነገራችሁ ዓይነት። ስሙ «ሜትሮፖሊስ» ይባላል። ቪየና የተወለደው ፍሪትዝ ላንግ በርሊን ላይ የሠራው፣ ባለቤቱ ቴአ ፎን ሃርቡ የጻፈችው ፊልም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በርሊን ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸውን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ሰማይ የሚነኩ ፎቆች፣ በፎቆቹ መካከል በድልድይ የሚከንፉ መኪናዎች፣ ሰው የምትመስል የብረት ሴት፣ ፀጉሩ የቆመ ያበደ ሳይንቲስት፤ በኋላ የመጡት የወደፊቱን ዘመን እናሳያለን የሚሉ ፊልሞች እነዚህን ሁሉ ያገኙት እሳት ለመጫር እዚህ ቤት ጎራ ብለው ነው።

ፊልሙን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ያወራችኋል። ከተማዋ ሁለት ናት፣ ላይኛዋና ታችኛዋ። ላይ የናጠጡት ልጆች በአትክልት ቦታ ሲቦርቁ ይውላሉ፤ ታች፣ ከመሬት ሥር፣ ሠራተኛው በፈረቃ አሥር አሥር ሰዓት ማሽን ላይ ተጣብቆ ይውላል። የከተማዋ ጌታ ዮህ ፍሬደርሰን ይባላል። ልጁ ፍሬደር አንድ ቀን ማሪያ የምትባል የሠራተኞች ልጅ ያይና ልቡ ይሸፍታል፤ ተከትሏት ወደ ታች ይወርዳል። አባት በበኩሉ ሮትቫንግ የተባለውን ሳይንቲስት ያዝና የማሪያን መልክ የያዘች የብረት ሴት ያሠራል። የብረቷ ሴት ሠራተኛውን ታሳብዳለች፣ ማሽኖቹ ይሰባበራሉ፣ ታችኛዋ ከተማ በውኃ ትሞላለች፣ ሕፃናቱ ለጥቂት ይተርፋሉ። በመጨረሻ ልጅየው መካከል ገብቶ የአባቱንና የሠራተኛውን እጅ ያጨባብጣል። አለቀ።

ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናይ ሕጋችን ግልጽ ነበር። ዋናው ሰውዬ «አክተሩ» ነው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። የቀረው ሁሉ ለመሞት የመጣ ነው። የሚሞተው ሰው ስም ይኑረው አይኑረው፣ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ይኑር አይኑር የጠየቀ ልጅ አላስታውስም። ቢጠይቅም «ዝም በል፣ እንይበት!» ነበር የሚባለው። ዛሬ ግን አክተሩን ማሪያን እንዳፈቀረ እንተወውና ሌሎቹን እንከተል። ምክንያት አለኝ።

ከቁጥር 11811 እንጀምር። ከግራም ከቀኝም ብታነቡት ያው ነው፤ ለሚሠራው ሥራ የሚስማማ ቁጥር። ሰውየው ስም አለው፣ ጌኦርጊ ይባላል፤ የእኛው ጊዮርጊስ መሆኑ ነው። ቆቡ ላይ የተጻፈው ግን ቁጥሩ ነው። ፊት ለፊቱ ሰዓት የሚመስል፣ ዙሪያውን አምፖል የተሰካበት ትልቅ ክብ ነገር ቆሟል። አምፖል በበራበት ሁሉ ሁለቱን ዘንጎች እየጎተተ ማድረስ አለበት። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ጌኦርጊ ሲዝለፈለፍ ፍሬደር ይደርስና ደግፎ ይይዘዋል፤ «እኔ ልተካህ፣ ልብሳችንን እንቀያየር» ይለዋል። የጌታው ልጅ የሠራተኛውን ቱታ፣ ሠራተኛው የጌታውን ልጅ የሐር ልብስ ይለብሳሉ። ፍሬደር አንድ አድራሻ ሰጥቶት «ሾፌሬ ያደርስሃል፣ እዚያ ቤት ጠብቀኝ» ብሎ ይልከዋል።

ጌኦርጊ መኪናው ውስጥ ይገባል። በሕይወቱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስልም። እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ብር፣ ብር፣ ብር! አጠገቡ በቆመ ሌላ መኪና ውስጥ ያጌጠች ሴት ተቀምጣለች፤ ያያታል። ወዲያው የማስታወቂያ ወረቀት እንደ ዝናብ ይወርድበታል። ዮሺዋራ የተባለ የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከጥንቱ የጃፓን የደስታ ሰፈር ነው። አድራሻውን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ብሩን ያያል። እናላችሁ፣ ዮሺዋራ ሄደ።

እኔ ይህን ክፍል የምወደው ፊልሙ ስላልፈረደበት ነው። ለአንድ ሌሊት ብቻ ኪሱ የሞላ ሰው ነው። ነገ ማሽኑ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሌላ ደራሲ ቢሆን አደራውን ተሸክሞ ያለ ምንም መዘናጋት ያደርሰው ነበር፤ ሠራተኛ ሲባል የግድ መልአክ መሆን ያለበት የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉና።

አድራሻው የማን ነበር? የዮሳፋት ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮሳፍጥ የምንለው ስም። የዮህ ፍሬደርሰን ጸሐፊ ነበር። ታች ማሽን ፈንድቶ ሰዎች ሲሞቱ ወሬው ለጌታው የደረሰው በልጁ በኩል ሆነ። በዚያው ሰዓት ግሮት የተባለው ካቦ ከሞቱት ሠራተኞች ኪስ ያገኘውን ምሥጢራዊ ንድፍ ይዞ ከች አለ፤ ዮሳፋት ይህንንም አልሰማም። ጌታው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «ተሰናብተሃል» አለው፣ በቃ። በዚያች ከተማ ከሥራ መሰናበት ማለት ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ዮሳፋት ደረጃው ላይ ወጥቶ ሽጉጡን ያወጣል፤ ፍሬደር ደርሶ እጁን ይይዘዋል። በዚህ ፊልም ውስጥ ማሽን ሳይነካ፣ ወለል እየጠረገ ሳይውል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እያለ እንደ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ቃል የሚጠፋ ሰው እሱ ነው። ቢሮ የሚውል ተመልካች ዓይኑን ከዮሳፋት ላይ መንቀል አይችልም።

ሦስተኛው ስም እንኳ የለውም። «ቀጭኑ» ነው የሚባለው። የጌታው ጆሮ ጠቢ ነው፤ ፍሬደርን እንዲከታተል የታዘዘ። ፍሪትዝ ራስፕ የተባለ ተዋናይ ይጫወተዋል፤ ፊቱ ጩቤ የመሰለ ሰው። መኪናው ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጥና በጋዜጣው ጫፍ ላይ ዓይኑን ብቅ ያደርጋል። ስንት ዓይነት የስለላ ፊልም ከዚያ በኋላ ይህን አደረገ መሰላችሁ! ሌሊቱ ነግቶ ጌኦርጊ የሐር ልብሱ ተጎሳቁሎ ከዮሺዋራ ሲወጣ ቀጭኑ ይጠብቀዋል። ቆቡን ይቀማውና ቁጥሩን ያያል፤ አድራሻውን ያገኛል፤ ሰውየውን ወደ ማሽኑ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ዮሳፋት ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ብር ያወጣል፣ ከተማዋን ለቅቀህ ሂድ ይለዋል። ዮሳፋት እንቢ ሲል ማስፈራራት ይመጣል። ማስፈራራቱ አልሠራ ሲል ግብግብ። የጆሮ ጠቢ ሥነ ሥርዓት በየአገሩ አንድ ሳይሆን አይቀርም፣ ቅደም ተከተሉን እንኳ አይስተውም።

ግን ለዚህ ሰው ፊልሙ አንዲት ደቂቃ ሰጥቶታል። ማሽኖቹ ተሰባብረው መብራት ሲጠፋ ጌታው ከጨለማው ውስጥ «ልጄ የት ነው?» ብሎ ያፈጥበታል። ቀጭኑም፣ ነገ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ በቁጣ አንተን ይጠይቁሃል ሲል ይመልስለታል። ለዚያ ሁሉ ዘመን ለጌታው ወሬ ሲያመላልስ የኖረ ሰው አንዴ እውነቱን አመጣለት።

ጌኦርጊስ? በዋሻው ውስጥ የብረቷ ሴት ሠራተኛውን ታነሳሳለች። ፍሬደር «ይህች ማሪያ አይደለችም!» ብሎ ይጮኻል። ሠራተኞቹ ያውቁታል፤ የጌታው ልጅ! ቢላ ይወጣል። ጌኦርጊ መካከል ይገባና ቢላዋን በራሱ አካል ይቀበላል፤ አንድ ሌሊት ባመለጠው አደራ ፈንታ ነፍሱን ከፍሎ በፍሬደር ክንድ ላይ ይሞታል። የገዛ ጓዶቹ ናቸው የገደሉት፤ እሱም የሞተው የሐር ልብሱን ላዋሰው ሰው ነው።

አሁን ምክንያቴን ልንገራችሁ። እስካሁን ከነገርኳችሁ አብዛኛውን ለ80 ዓመት ያየ ሰው አልነበረም። ተቆርጦ ተጥሎ ነበርና።

ነገሩ በገንዘብ ይጀምራል። ፊልሙን ያሠራው ዑፋ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ቀረጻው ከሜይ 1925 እስከ ኦክቶበር 1926 ድረስ ፈጀ። ለ1.5 ሚሊዮን ማርክ የታሰበው ሥራ ከ5 ሚሊዮን በላይ ዋጠ። ኩባንያው ቀድሞውንም ዕዳ ውስጥ ነበር፤ በ1925 መጨረሻ ፓራማውንትና ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ከተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች 4 ሚሊዮን ዶላር ተበድሯል። አበዳሪ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቤትህ ገብቶ ዕቃህን ማስተካከል ይጀምራል። ፊልሙ አሜሪካ ሲደርስ ረዝሟል ተባለ። ቻኒንግ ፖሎክ የተባለ ቴአትር ጸሐፊ መቀስ ይዞ ተቀመጠበት።

ፖሎክ ምን ቆረጠ? አክተሩን አልነካም። የብረቷን ሴት አልነካም፤ ገበያ ናት። የጌኦርጊን ሌሊት፣ የዮሳፋትንና የቀጭኑን ፍጥጫ አወጣ። ሄል የምትባለዋን የፍሬደርን እናትም ጭራሽ ከታሪኩ ሰረዛት። ሄል የሞተችው ፍሬደርን ስትወልድ ነው፤ ሮትቫንግ ያፈቅራት ነበር፣ የብረቷን ሴት የሠራውም እሷን ለመመለስ ነው። ስሟ ግን በእንግሊዝኛ ገሃነም ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ለአሜሪካ ተመልካች አይሆንም ተባለ። በስም ምክንያት እናት ስትወገድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሄል ስትወጣ ሳይንቲስቱ የብረት ሴት ለምን እንደሠራ ምክንያት ጠፋ፤ እብድ ነው ተብሎ ታለፈ። ጌኦርጊም ልብሱን ከቀየረ በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ቀጭኑ በፊልሙ ውስጥ ለምን ወዲያ ወዲህ እንደሚል ለመረዳት ምትሃት ያስፈልግ ነበር።

በርሊን ላይም የተሻለ አልጠበቀውም። ያው ዓመት፣ 1927፣ ዑፋ በአልፍሬድ ሁገንበርግ እጅ ገባ፤ በ1933 በሂትለር የመጀመሪያ ካቢኔ ሚኒስትር የሆነው ሁገንበርግ። የመጀመሪያው ቅጂ 4,189 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ። በኦገስት እንደገና ለእይታ ሲቀርብ 3,241 ሜትር ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የታየውና የተተቸው ይህ ነው። ፊልሙን አጥብቀው ከነቀፉት አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነበር፤ ታሪኩ ቂላቂል ነው ብሎ በ1927 በኒውዮርክ ታይምስ ላይ አብጠለጠለው። የትችቱ ግማሽ እውነት ነው፤ ግን ሆድ ዕቃው የወጣ በግ ከሳ ተብሎ እንደ መወቀስ ይሆናል።

እግረ መንገዴን ስለ እውነተኞቹ ትንንሽ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። የኩባንያው ማስታወቂያ ለፊልሙ ከ36,000 በላይ አጃቢ ተዋንያን ተሰለፉ ይላል። ማስታወቂያ ነውና ቀንሰን እንመነው። ብቻ ብዙ ነበሩ። የባቢሎንን ግንብ ለሚገነቡት ባሪያዎች ትዕይንት ወደ 1,000 ያህል ሰዎች ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ለጎርፉ ትዕይንት 500 ያህል ሕፃናት ከበርሊን ድሃ ሰፈሮች ተሰብስበው ለሁለት ሳምንት ውኃ ውስጥ ሲነከሩ ቆይተዋል፤ ውኃው ቀዝቃዛ እንደነበረ ይነገራል፤ ላንግ ደግሞ ደግመህ ደጋግመህ አንሣ የሚል ሰው ነበር። ፊልሙ ስለሚበዘበዙ ሰዎች ነው። ሲሠራም አንዳንዱ ነገር ከታሪኩ ብዙ አይርቅም ነበር። ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ግን የለም።

ዓመታት አለፉ። በ1984 ጆርጂዮ ሞሮደር የሚባል ሙዚቀኛ ፊልሙን ይበልጥ አሳጥሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ የዘመኑን ሙዚቃ ጭኖበት አወጣው፤ ወጣቱ ወደደው፣ እኔ አልወደድኩትም። ሊቃውንቱ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቁ ነበር። የጀርመን ሳንሱር መሥሪያ ቤት የፊልሙን ጽሑፎች አንድ በአንድ የመዘገበበት ካርድ ነበር። ጎትፍሪድ ሁፐርትዝ የደረሰው የሙዚቃ ኖታም ነበር፤ «እዚህ ላይ እንዲህ ሲሆን» የሚል ምልክት በየገጹ የሰፈረበት። ሰዎቹ የሉም፣ ሙዚቃቸው ግን አለ። በዚህ ዓይነት ፍለጋ የተጠገነው ቅጂ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ከፊልም የመጀመሪያው። ሲመዘገብ ሩብ ያህሉ የለም፤ በባዶው ቦታ «እዚህ ላይ እንዲህ ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ገብቶበታል።

ከዚያ ደግሞ ቦነስ አይረስ። አንድ የአርጀንቲና ፊልም አከፋፋይ በ1928 ያልተቆረጠውን ቅጂ ገዝቶ ወደ አገሩ ወስዶ ኖሯል። ከእሱ ወደ አንድ የፊልም ሃያሲ እጅ ገባ፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ተቋም። የድሮ ፊልም እንደ ጭድ እሳት የሚወድ ነገር ስለሆነ በ1970ዎቹ በ16 ሚሊሜትር ላይ ተገለበጠና ዋናው ተጣለ። ግልባጩ በ1992 የቦነስ አይረስ ፊልም ሙዚየም መደርደሪያ ላይ ገባ፤ ማንም አልከፈተውም። ፈርናንዶ ፔኛ የተባለ የፊልም ታሪክ አጥኚ ግን ከአንድ የፊልም ክበብ ኃላፊ ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ ስሞታ ሰምቶ ነበር። ሰውየው ያንን ፊልም ሲያሳይ ፕሮጀክተሩ እየዘለለ አስቸግሮት ከሁለት ሰዓት በላይ በጣቱ ይዞ መቆሙን ነው ያማረረው። ፔኛ ቆም ብሎ አሰበ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ? ያኔ ዓለም የሚያውቀው ቅጂ ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንድ የጣት ስሞታ፣ አያችሁ! በ2008 የቀድሞ ባለቤቱ ፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር የሙዚየሙ ኃላፊ ስትሆን አብረው ቆርቆሮዎቹን ከፈቱ። ጌኦርጊ እዚያ ነበር። ዮሳፋትና ቀጭኑም።

ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ነገር ተመለሰ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ታየ፤ በብራንደንቡርግ በር አጠገብም በዚያ ብርድ ሰው ቆሞ አየው። ላንግ አልደረሰበትም፤ በ1976 ሞቷል። ጩቤ ፊቱ ፍሪትዝ ራስፕም በዚያው ዓመት ነው የሞተው፤ የተመለሰውን ሚናውን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ የመጨረሻው መጨባበጥ መልኩን ይቀይራል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሠራተኛውን ወክሎ የጌታውን እጅ የሚጨብጠው ማን ነው? ካቦው ግሮት! የሞቱትን ሰዎች ምሥጢር ከኪሳቸው አውጥቶ ለጌታው ያቀረበው፣ ዮሳፋትን ሳያስበው ያስባረረው ያው ግሮት። በእርግጥ ማሽኑ እንዳይሰበር ታግሏል፣ «ልጆቻችሁ የት አሉ?» ብሎ ሕዝቡን ያባነነውም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያ እጅ የማን እጅ ነው? 11811 ሞቷል። አጭሩን ፊልም ያዩ ሰዎች ይህን የሚጠይቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ሠራተኛ ማለት ያ ጢማሙ ሰውዬ ብቻ ይመስላቸዋል። ጀርመናዊው ሃያሲ ዚግፍሪድ ክራካወር በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እርቅ ለሚመጣው አምባገነን መንገድ እንደጠረገ ነገር ቆጥሮታል። ላንግ ራሱም ዕድሜው ሲገፋ መደምደሚያውን አልወደደውም። ላንግ በ1933 አገሩን ለቅቆ ሲወጣ ቴአ ፎን ሃርቡ ቀረች፣ የናዚ ፓርቲ አባልም ሆነች። ግሮትን የተጫወተው ሃይንሪክ ጌኦርግ በናዚ ዘመን ገናና ሆኖ በ1946 በሶቪየቶች እስር ካምፕ ውስጥ ሞተ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ መጨባበጡን ስታዩ እጆቹ ከበድ ይሏችኋል።

ሁለት ትዕይንቶች እስካሁን አልተገኙም፤ የመነኩሴው ስብከትና የጌታውና የሮትቫንግ ድብድብ። በጽሑፍ ነው የሚነገሩት። ከቦነስ አይረስ የመጣው ክፍል ደግሞ በጣም የተቦጫጨረ ነው። የተገለበጠበት ፊልም ጠባብ ስለነበር የምስሉ ጠርዝ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሲመጣ ምስሉ በጥቁር ይታጠራል፣ ያንሳል፣ በእኛ አነጋገር «ይዘንባል»። ጥርት ያለውን ከተማ፣ ጥርት ያለውን አክተር እያያችሁ ቆይታችሁ ድንገት ስክሪኑ መዝነብ ሲጀምር እነማን እንደመጡ ታውቃላችሁ። መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል። የሰው ልብስ ለብሷል። እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ አጠገቡ ያለችውን ሴት ያያል፣ ከላይ ደግሞ ወረቀት ይወርዳል፤ ከጭረቱ የትኛው ወረቀት፣ የትኛው ዝናብ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።